ከግንባር መልስ ወደ ሰማይ፦ በትርፍ ሰዓት መብረር ስለመማር ጥያቄና መልስ

ከሠራዊቱ ተሰናብተው በገላን፣ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በዱከም የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚበር ወታደር አለ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው፣ የሌላ አገር እውነት ነው እንጂ። እንግሊዞች በ1924 ረዳት አየር ኃይል፣ በ1936 ደግሞ የበጎ ፈቃድ ተጠባባቂ ጦር አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱም እንደገና ሥራ ጀመሩና፣ ከጦሩ የወጣ ሰው ሳምንቱን ቢሮ ወይም ፋብሪካ ውሎ ቅዳሜና እሁድ ይበር ነበር። ተጠባባቂዎቹ የሚለማመዱት ድርብ ክንፍ ባላት ታይገር ሞዝ፣ በኋላም በቺፕመንክ ነበር። የረዳቱ ጓዶች (ስኳድሮኖች) ግን እስከ ቫምፓየርና ሜቲዮር ጄት ደርሰዋል። እነዚያ በራሪ ጓዶች በመጋቢት 1957 ተበተኑ። አንደኛው ምክንያት ወጪ ነበር፤ ሌላው፣ ጄቶቹ እየተወሳሰቡ ሲሄዱ የሳምንት መጨረሻ ልምምድ አለመብቃቱ ነው።

አሜሪካኖች ኤር ናሽናል ጋርድ የሚሉት አላቸው፤ ራሱን የቻለው በመስከረም 1947 ነው። በወረቀት ላይ ግዴታው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። አብራሪ ግን በዚያ ብቻ እጁን ሊያቆይ ስለማይችል ሌላም ቀን እየሄደ ይበራል። ደግሞ ያ «ትርፍ ሰዓት» የሚጀምረው ከአንድ ዓመት በላይ ሙሉ ጊዜ ከሠለጠኑ በኋላ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደታች እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ?

ቢሾፍቱ ላይ የውጊያ አብራሪነት የሙሉ ጊዜ ሙያ ነው፤ በቅዳሜና እሁድ አይገባበትም። በትርፍ ሰዓት ሊያዝ የሚችለው የሲቪል የግል አብራሪ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት እግረኛ፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። አገልግሎቴ ይታሰብልኛል?

በሰዓት አይታሰብም ወንድሜ። ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት ለግል ፈቃድ 40 የበረራ ሰዓት ነው፤ ጸድቆ በተደራጀ ኮርስ ውስጥ ከሆነ 35። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ብቻህን የምትበረው ነው። 40 ግን ወለሉ ነው፤ ብዙ ሰው ከ50 እስከ 70 ይፈጅበታል፤ ገንዘብህን በዚያ ልክ አስላ።

ካርታ ማንበብና ዝርዝር ሳይዘሉ መፈተሽ ይጠቅሙሃል። ሬዲዮህ ግን መስተካከል አለበት። ጦር ሜዳ ላይ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ) ሲያናግርህ ግን «ተቀብያለሁ» ብሎ መዝጋት የማይበቃባቸው ነገሮች አሉ። የማኮብኮቢያው ቁጥር፣ ለመነሳትና ለማረፍ የተሰጠህ ፈቃድ፣ ከፍታ፣ የግፊት ልኩ ማለትም ኪውኤንኤች፣ የትራንስፖንደር ኮድ (አውሮፕላንህ ራዳር ላይ የሚለይበት ቁጥር)፤ እነዚህን ቃል በቃል መልሰህ ታነባለህ። ያልመለስከውን ተቆጣጣሪው እንዳልሰማኸው ይቆጥረዋል።

ከግንባር ይዘኸው የመጣኸው ትልቁ አደጋ ደግሞ «ግዳጅ ሳይፈጸም አይመለስም» የሚለው ልማድ ነው። ደመናው ዝቅ ካለ ትመለሳለህ። መድረሻህ ላይ ስትደርስ በታንኩ ከ30 ደቂቃ ያነሰ ነዳጅ የሚቀር ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ አትነሳም። እዚህ ሙያ ላይ ተመላሽን የሚገመግም አዛዥ የለም።

ጥያቄ፦ ፍንጣሪ ሰውነቴ ውስጥ አለ፤ ጆሮዬም ከመድፍ ድምፅ በኋላ ይጮኻል። ሐኪሙ ይጥለኛል?

ፍንጣሪው በራሱ አይጥልህም፤ የሚታየው የት እንዳለና ምን እንደሚያውክ ነው። ለግል ፈቃድ የሚጠየቀው ሁለተኛ ክፍል ሕክምና ነው። ዓይን በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ 6/12 (ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ ባንድነት 6/9 ማየት አለበት። ለንግድ በረራ አንደኛ ክፍል ሲሆን 6/9 እና 6/6 ይሆናል። የቀለም ምርመራም አለ።

ስለ ጆሮ፦ በአንደኛ ክፍል የሚለካው በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ ከ35 ዴሲቤል፣ በ3,000 ኸርዝ ከ50 ዴሲቤል በላይ እንዳታጣ ነው። የተኩስ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ «ደንቁሬያለሁ» የሚል ሰው ሲለካ ሲያልፍ ይታያል። የሚጮኸውን ጆሮ፣ የሌሊት ቅዠቱን፣ የምትወስደውን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ ተናገር፤ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ተደብቆ ከተገኘ ከበሽታው ይልቅ መደበቁ ያስወጣሃል። ደግሞ ለትምህርት ቤቱ አምስት ሳንቲም ሳትከፍል በፊት ነው የምትታየው።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ ላይ መብረር ከባድ ነው» ይላል። ለምን?

ይሄ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ መጽሐፍ የማያስጠነቅቅህም እዚህ ላይ ነው።

ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። መደበኛው የአየር ሙቀት ሰንጠረዥ ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ብሎ በየ1,000 ጫማው 2 ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለቦሌ የሚሰጠው ሙቀት 0 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ከሆነ ትርፉ 25 ነው። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምር፤ 3,000 ይመጣል። ግፊቱ መደበኛ ነው ካልን አውሮፕላንህ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ አየሩ የ10,600 ጫማ አየር ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 160 የፈረስ ጉልበት የተባለችው ሴስና 172 እዚያ ላይ 110 አካባቢ ነው የምትሰጥህ። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ሳስቷል። የመነሻ ርቀትህ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ማኮብኮቢያው ረጅም ነውና ያን አትፈራም፤ የሚያስፈራው ከተነሳህ በኋላ ያለው መንቀርፈፍ ነው። የረር ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እሱን ለመሻገር ወደ ፊቱ እየወጣህ አትሄድም፣ ሜዳው ላይ እየዞርክ ከፍታህን ከያዝክ በኋላ ነው።

በእጅ የሚሠራው ይህ ነው፦ ከ3,000 ጫማ በላይ ባለ ሜዳ ሚክስቸሩን (ቤንዚንና አየር የሚመጥነውን ቀይ እጀታ) ሙሉ ገፍተህ አትነሳም። ፍሬን ይዘህ ሙሉ ጋዝ ትሰጣለህ፣ ቀዩን እጀታ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ትስባለህ፤ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ከፍ ወዳለበት መልሰህ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ ታደርጋለህ። ይህን ያልሠራ ሰው ሻማዎቹ በጥላሸት ይያዛሉ፣ ሞተሩም ቤንዚን በበዛበት ወፍራም ድብልቅ እየታነቀ ይነሳል።

ሲያርፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት ሲል በእውነት የምትሄደው 70 አካባቢ ነው። መሬቱ በፍጥነት ሲሮጥ ታየውና «በዛብኝ» ብለህ አፍንጫውን ታነሳለህ፤ ያኔ ስቶል ትገባለህ፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። የምታምነው መለኪያውን ነው፣ መሬቱን አይደለም። የምትቆምበት ርቀት ግን ሲሶ ያህል እንደሚረዝም ቀድመህ አስብ።

ሰዓትም ምረጥ፤ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል አየሩ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ማረፍ አልሆን አለኝ፤ እየነጠረብኝ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከዓይንህ ነው። አፍንጫው ፊት ያለውን አስፋልት ካየህ ከፍታህ አይታወቅህም፤ ዓይንህን ወደ ማኮብኮቢያው መጨረሻ ላክ። ሁለተኛው ፍጥነት ማብዛት ነው። ከነጠረ መሪውን ወደ ፊት አትግፋ፤ ሁለተኛው ንጥረት የፊት ጎማውን ይሰብራል። ጋዝ ሙሉ፣ የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት) ማሞቂያ ዝጋ፣ አፍንጫውን ያዝ፣ ፍላፑን (የክንፉን ተዘርጊ ጠርዝ) ደረጃ በደረጃ ሰብስብ፣ ዞረህ ተመለስ። ቆላ የተማረ ሰው እዚህ ላይ በልማድ ሚክስቸሩን እስከ ጥግ ይገፋል፤ እዚህ ያ የቀረህን ጉልበት ይበላብሃል። በአቀራረብ ላይ ሳለህ ለከፍታው አስተካክለህ ተወው።

ጥያቄ፦ በሥራዬ ምክንያት ማግኘት የምችለው በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ነው። ይበቃል?

አይበቃም እህቴ። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው፤ የትርፍ ሰዓት አብራሪን የሚጥለው መካከል ላይ ያለው ክፍተት ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ስትመጪ ከአንዱ ሰዓት ግማሹ የባለፈውን ለማስታወስ ያልቃል፤ ኪስሽ ያንን ግማሽ ሰዓት ሁለቴ ይከፍላል። የዓመት ፈቃድሽን አስቀምጪና ከመጀመሪያው እስከ ሶሎ (ብቻሽን እስከምትበሪበት) ድረስ ያለውን በአንድ ትንፋሽ፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ጨርሺ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ማቆየት ይቻላል።

በባዶዎቹ ቀናት ወንበር ላይ ብረሪ። የመለኪያዎቹን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማጥፋት እጅሽን እያንቀሳቀስሽ ጮክ ብለሽ በይው፤ 20 ደቂቃ። ቤተሰብ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ለሬዲዮና ለመለኪያ ጥሩ ነው፣ ለማረፍ ግን መጥፎ ልማድ ያስይዛል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ መማር ይቻላል?

ጧት ጧት፣ አዎ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ።

አንደኛ ውሃ። ሌሊት ውጭ ባደረ ጎዶሎ ታንክ ውስጥ እርጥበቱ ጤዛ ይሆናል፤ ክዳኑ ካረጀ ዝናቡም ይገባል። ጧት ከእያንዳንዱ ክንፍ ሥርና ከሞተሩ ማጣሪያ በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሱ። ውሃ ከታች ይተኛል፣ መሐል ላይ መስመር ይሠራል። ወጥመዱ ግን ይህ ነው፦ ብርጭቆው ሙሉ ውሃ ከሆነ መስመር አይታይም፣ ጥርት ብሎ «ንጹሕ ነው» ያሰኛል። 100 ሎው ሌድ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ነውና ነጭ ነገር ከኋላው አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ሰማያዊ ካልሆነ እስኪሆን ድረስ ቅዱ።

ሁለተኛ የካርቡሬተር በረዶ። ውጭ 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥብ ከሆነ፣ ማለትም የእኛ ሐምሌ፣ ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይሠራል። ምልክቱ አርፒኤም ዝም ብሎ መውረዱ ነው። ማሞቂያውን ሙሉ ሳቡ፣ ግማሽ አይደለም። በረዶው ቀልጦ ሲገባ ሞተሩ ያንገራግራል፤ እዚህ ላይ ደንግጦ መልሶ የሚዘጋው ነው የሚሳሳተው። ታገሱት፣ አርፒኤሙ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው፤ አልረፈደም?

ለውጊያ አውሮፕላን ረፍዷል። ለግል ፈቃድ ታችኛው ገደብ 17 ነው፤ ላይኛው የለም። ከ40 በኋላ ሕክምናውን በየ24 ወሩ ያድሳሉ፣ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሎግቡክ (የበረራ መዝገብ) ላይ የምጽፈው ሰዓት ሁሌ ይምታታብኛል።

አቪዬሽን የሚሠራው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችን ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል፣ አገሪቱ ከዩቲሲ 3 ትቀድማለች። አቋራጭ አለው፦ ቀን ከሆነ በእኛ አቆጣጠር 3 ደምር። ከጧቱ 3 ሰዓት 06፡00 ዩቲሲ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 11፡00። ማታ ከሆነ 15 ደምር፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ይሆናል። ቀኑን በፈረንጅ ጻፍ፣ በስክሪብቶ ጻፍ፣ ከአውሮፕላኑ እንደወረድክ ጻፍ፤ ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ሰርዘህ ከጎኑ ፈርም፣ ፍሉድ አታስነካው።