ጠይቁኝ፦ ከ«ቴን ፎር» ውጪ ምንም አይገባኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን አሉ። እኔ እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣሁት በቅርቡ ነው፣ አሁን ከአሰልጣኝ ጋር ረጅም መንገድ እየሰራሁ ነው። ትራኩ ላይ ሲቢ ሬዲዮ፣ ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ማለት ነው፣ አለ ግን ሰዎቹ ሲያወሩ ግማሹ ቁጥር ግማሹ የእንስሳት ስም ነው። ኮዶቹን ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ፕሪንት አድርጌ እየሸመደድኩ ነው ግን ጭንቅላቴ አልይዝ አለ፣ ደግሞ አክሰንቴን ፈርቼ ማይኩን ነክቼው አላውቅም። ከየት ልጀምር? ስልክና ጂፒኤስ እያለስ ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ያንን ሊስት ተወው። በ10 («ቴን») የሚጀምሩት ኮዶች እኮ ለሾፌር የተሰሩ አይደሉም፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለፖሊስ ሬዲዮ የወጡ ናቸው። ያኔ ሬዲዮው ጉልበት እስኪያገኝ የንግግሩ መጀመሪያ ይቆረጥ ስለነበር ነው «ቴን» የሚለው ከፊት የገባው፣ እሱ ቢቆረጥም ቁጥሩ ይሰማል። ዛሬ መንገድ ላይ የምትሰማቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። 10-4 ሰማሁህ ገባኝ ነው፣ 10-9 ድገምልኝ፣ 10-7 ሬዲዮውን ዘግቼ ወጣሁ፣ 10-20 ያለህበት ቦታ፣ እሱንም ብዙ ጊዜ «ቱዌንቲ» ብቻ ነው የሚሉት። 10-100 ካለህ ሽንት ቤት ሊሄድ ነው በቃ። 10-33 ከሰማህ ግን ድንገተኛ አደጋ ስለሆነ ማይኩን አትንካ፣ ሰውየው ያውራ።

አንተን ያስቸገረህ ኮዱ ሳይሆን የሾፌሮቹ አራዳ ቋንቋ ይመስለኛል። ቤር ፖሊስ ነው። ቺክን ኩፕ የሚሉት መንገድ ዳር ትራክ የሚመዘንበትን ሚዛን ነው፣ ክፍት ነው ዝግ ነው እያሉ ይነጋገራሉ። ፎር ዊለር ትንሿ መኪና፣ ሃመር ሌን የግራው የፈጣኖቹ መስመር። አሊጌተር ደግሞ መንገድ ላይ የተጣለ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ ነው፣ እሱን ቀልድ እንዳታደርገው፣ ከረገጥከው ተፈናጥሮ የፍሬንህን የአየር መስመር ሊበጥስ ይችላል። ብሬክ ቼክ ሲሉ ከፊት ትራፊኩ ድንገት ቆሟል ማለት ስለሆነ ምክንያቱን ሳትጠይቅ እግርህን ከነዳጁ አንሳ።

ማዳመጥ ላይ ዋናው ነገር ቃሉ አይደለም አቅጣጫው ነው። በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንተኛው ማይል ማርከር (መንገድ ዳር የማይል ቁጥር የተጻፈበት ምልክት) ላይ፣ የትኛው ሌን፣ ከዛ ምን እንዳለ። «ኢስትባውንድ፣ ማይል ማርከር 142፣ ሃመር ሌን፣ አሊጌተር» ቢባልና አንተ ወደ ምዕራብ እየሄድክ ከሆነ አይመለከትህም። ስለዚህ ሁሌም የምትነዳበትን ሃይዌይና ያለፍከውን ማይል ማርከር በቃልህ ያዝ፣ እሱን ሳታውቅ ኮድ ብትሸመድድ ዋጋ የለውም።

ቻናል 19 ላይ ነው ሾፌሩ ያለው፣ 9 ለድንገተኛና እርዳታ ለሚፈልግ መንገደኛ የተተወ ስለሆነ ወሬ አታውራበት። ስኩዌልች የምትባለውን ማዞሪያ ሹሹታው እስኪጠፋ ብቻ አዙራት፣ አዲስ ሰው ጸጥ እንዲልለት እስከ መጨረሻው ያዞራትና ሰውም አብሮ ይጠፋበታል፣ ከዛ ሬዲዮው አይሰራም ይላል።

አክሰንት ላልከው፣ እዛ ላይ የማያንቋርር ማን አለና ነው፣ ከቴክሳስ የመጣውንም እኮ ግማሹን አትሰማውም። ማይኩን ተጫንና ትንሽ ቆይተህ ጀምር፣ በዝግታ አጭር አድርገህ ተናገር፣ ስትጨርስ ልቀቀው፣ ካልለቀቅከው መልሱን አትሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ብሬክ ዋን ናይን፣ ሬዲዮ ቼክ» በል፣ 19 ላይ ልግባ፣ ድምፄ ይሰማል ወይ ማለት ነው፣ አንዱ ይመልስልሃል። የሚሳደብ አይጠፋም፣ አንዳንዱ ትራኩ ውስጥ ብቻውን ሲውል አፉ ይበላሻል፣ መልስ አትስጠው።

ስልክ እያለ ላልከው፣ አዎ ድሮ እንደነበረው አይደለም፣ ሰዓታት ሙሉ ዝም የሚልበት መንገድ አለ። ግን የህጉ ጣሪያ 4 ዋት ስለሆነ የምትሰማው በጥቂት ማይል ውስጥ ያለውን ሰው ነው፣ ማለትም ከፊትህ ያለውን በረዶ ወይም የተገለበጠ ትሬለር በአይኑ እያየ የሚነግርህን። አንዳንድ የጭነት መጫኛ ቦታም የምትጫንበትን በር ቁጥር በሲቢ ነው የሚጠራልህ። በዛ ላይ የንግድ መኪና ሾፌር እየነዳ ስልክ በእጁ መያዝ በፌደራል ህግ የተከለከለው ከ2012 ጀምሮ ነው፣ ሲቢ እዛ ክልከላ ውስጥ የለም። አሰልጣኝህ ጫጫታውን ጠልቶ የሚዘጋው ከሆነ ቢያንስ ትራፊክ ሲጨናነቅና በረዶ ሲጥል ክፈትልኝ በለው።