የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የዓሣ ጦር በየትኛው ውኃ ይፈቀዳል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ጉዳዩ በተለምዶ ስፒርገን ስለሚባለው፣ በጠንካራ ላስቲክ ወይም በታመቀ አየር ኃይል ጦር ስለሚያስፈነጥረው የውኃ ውስጥ መሣሪያ ነው። በመሆኑም ሦስቱንም በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ፍሎሪዳ ነው። በመጪው ክረምት ልጠይቀው ልሄድ ነው። እሱ በየሳምንቱ መጨረሻ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ በስፒርገን ዓሣ ይወጋል፤ እኔንም ሊወስደኝ አስቧል። ስለ ሕጉ ስጠይቀው ግን ‹ዳር ላይ ሌላ ነው፣ ራቅ ሲሉ ሌላ ነው› ብሎ ያልፈዋል። አንድ ባሕር እንዴት ሁለት ሕግ ይኖረዋል? የትኛውን መሣሪያስ ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?»
ከጎንደር፣ አራዳ

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ለእንግዳ ሰው ግን አይበቃም፤ ቅጣት የሚያመጣው ዝርዝሩ ነውና። እኛ ከባሕር ርቀን የምንኖር ሰዎች ባሕርን እንደ አንድ ሰፊ ሜዳ እናስበዋለን፤ በሕግ ዓይን ግን ባሕር በየባለቤቱ እንደ ተሸነሸነ ማሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ ባሕር ጠረፍ ላለው አገር እስከ 12 የባሕር ማይል ያለውን ውኃ እንደ ግዛቱ፣ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ደግሞ ዓሣውንና ሌላውን ሀብት የሚያስተዳድርበት ክልል አድርጎ ይሰጠዋል። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። አሜሪካ ስምምነቱን ባታጸድቀውም፣ የ200 ማይሉን ክልል እ.ኤ.አ. በ1983 በራሷ አውጃለች።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ይኸው ውኃ በግዛቶቹና በፌዴራል መንግሥቱ መካከል እንደገና ይከፈላል። በአብዛኛው ከዳር እስከ 3 የባሕር ማይል ያለው የግዛቱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የፌዴራሉ ነው። ፍሎሪዳ ግን ሁለት ባሕር የምትነካ ግዛት በመሆኗ ጉዳዩ ረቀቅ ይላል፤ በአትላንቲክ በኩል የግዛቱ ውኃ 3 ማይል ሲሆን፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል 9 ማይል ነው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሕግ ቀደምት የግዛት ወሰን የነበራቸውን የባሕረ ሰላጤው ግዛቶች መብት ስለጠበቀና፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ለቴክሳስና ለፍሎሪዳ ይህንኑ ስላጸናላቸው ነው። እንግዲህ ከማያሚ የተነሣ ጀልባ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሄድ ወደ ፌዴራል ውኃ ይገባል፤ ከታምፓ በኩል የተነሣው ግን ከፒያሳ እስከ አዘዞ ካለው መንገድ የሚረዝም ርቀት፣ 16 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ፣ መጓዝ አለበት። ወንድምዎ ከየትኛው ዳር እንደሚነሡ አስቀድመው ይጠይቋቸው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ተራው ስፒርገንና በእጅ የሚወረወረው ባለ ላስቲክ ጦር በፍሎሪዳ ውኃ የተፈቀዱ ናቸው፤ በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር ይዞ መውጋትም አይከለከልም። በግዛቱ ውኃ ውስጥ የተከለከሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከጦሩ ጫፍ ተገጥሞ ዓሣውን ሲነካ ጥይት የሚያፈነዳው ፓወርሄድ ነው። ሁለተኛው ሪብሪዘር የሚባለው፣ ጠላቂው ያስወጣውን አየር አጣርቶ መልሶ የሚሰጥና አረፋ የማያወጣ መተንፈሻ ነው፤ ጠላቂው ድምፅ ስለማያሰማ ዓሣው መምጣቱን አያውቅም። ሕጉ ዓሣው የሚሸሽበትን ዕድል ሊተውለት እንደፈለገ ከዚህ ይታያል። ፌዴራሉ ዘንድ ፓወርሄድ የሚታየው በየአካባቢው ነው፤ ለምሳሌ ከደቡብ ካሮላይና ፊት ለፊት ባለው የፌዴራል ውኃ ስናፐርና ግሩፐር የተባሉትን ዓሦች በእሱ መያዝ ክልክል ነው። እርስዎ ግን እንግዳ ስለሆኑ ፓወርሄድ የሚባለውን ነገር በየትኛውም ማይል ላይ በእጅዎ ባይነኩት እመክራለሁ።

መሣሪያው የተፈቀደ ቢሆንም ቦታው ሊከለከል ይችላል። በፍሎሪዳ ሰው ከሚዋኝበት የሕዝብ ባሕር ዳርቻ፣ ከዓሣ ማስገሪያ መድረክና ዓሣ እንዲጠመድበት ከተፈቀደ ድልድይ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ፣ ሳይርቁ መውጋት አይቻልም። በደቡብ ጫፍ ባለው የሞንሮ ካውንቲ አስተዳደርም ሎንግ ኪ ከተባለው ደሴት ወደ ሰሜን ባለው የግዛቱ ውኃ ጨርሶ አይፈቀድም። በወንዝና በሐይቅ፣ በአጠቃላይ ጨው በሌለው ውኃ ላይ፣ መውጋት ቀርቶ ስፒርገን ይዞ መገኘት ብቻውን ጥፋት ነው፤ «አልተኮስኩም» የሚለው መከራከሪያ አያድንም። ውኃ ውስጥ ሲሆኑም ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ቀይ ባንዲራ ከላይ መታየት አለበት፤ በጀልባ ላይ ሲሆን ቢያንስ 20 በ24 ኢንች፣ በተንሳፋፊ ላይ ሲሆን 12 በ12 ኢንች ነው። በሰፊው ውኃ ከባንዲራው ከ300 ጫማ፣ ጀልባ በሚመላለስበት ቦይ ደግሞ ከ100 ጫማ ላለመራቅ መጣር ይገባል። ይህ ለራስዎ ሕይወት ነው፤ ጀልባ ነጂ ከውኃው በታች ሰው መኖሩን የሚያውቅበት ሌላ ምልክት የለውም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ይመስለኛል። በመንጠቆ የተያዘ ትንሽ ዓሣ ተፈትቶ ወደ ውኃው ሊመለስ ይችላል፤ በጦር የተወጋ ግን ሞቷል። ስለዚህ ዝርያውም ልኩም መታወቅ ያለበት ከመተኮስ በፊት ነው። ሻርክ፣ ታርፖን፣ ስኑክ፣ ቀይ ድረምና ሎብስተር በፍሎሪዳ በጦር አይነኩም። ልክን በተመለከተ፣ ጋግ የተባለው የግሩፐር ዝርያ ከ24 ኢንች ካነሰ አይያዝም። አሁን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ማንኪያ ያስገቡና ከጎን ይመልከቱት፤ ከውኃው በታች ያለው ክፍል ከላይኛው ወፍሮ ይታይዎታል። በጠላቂ መነጽር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን ከውኃ ወጥቶ መነጽሩ ውስጥ ወዳለው አየር ሲያልፍ ስለሚጎብጥ፣ ሁሉም ነገር በሢሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። እንግዲህ 18 ኢንች የሆነ ጋግ ለጀማሪ ዓይን ልክ 24 ኢንች ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች በጦሩ ዘንግ ላይ ምልክት አድርገው ዓሣውን ከዘንጉ ጋር የሚያስተያዩት፣ ሲጠራጠሩም የሚተዉት ለዚህ ነው። ትልቁን መርጦ መውጋት ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው፤ ጋግ ሲወለድ ሴት ሆኖ ካደገ በኋላ ወደ ወንድነት ስለሚለወጥ፣ ትልልቆቹ ብቻ ከታደኑ ለመራባት የሚያስፈልጉት ወንዶች ያልቃሉ።

ከሩቁ ውኃ የተያዘው ዓሣ ወደ ወደብ ሲመጣ የግዛቱን ውኃ ማቋረጡ አይቀርም፤ ተቆጣጣሪውም የሚያየው በጀልባው ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ሕጎች ጠበቅ ያለውን መከተል ይሻላል። ጎብኚ ስለሆኑ የግዛቱ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጠውን የባሕር ዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ ከመግባትዎ በፊት ያውጡ። ወንድምዎ መሣሪያውን በስጦታ ቢሰጡዎት በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ስፒርገን በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ይህ ሁሉ ግን የፍሎሪዳ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ለምሳሌ ስፒርገንን ከዳር ከሚጎተተው መረብ ጋር ከተከለከሉ መሣሪያዎች ተርታ አሰልፋዋለች።

ጥያቄ፦ «የ15 ዓመት ልጄ ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ ከምትኖረው አክስቱ ዘንድ ለዕረፍት ይሄዳል። የአክስቱ ልጆች በባሕር ውስጥ በጦር ዓሣ እንደሚያድኑ ሰምቻለሁ። ይፈቀድለት ይሆን?»
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እመቤት፣ በዚህ ዓመት አይፈቀድለትም። የጣሊያን ሕግ ስፒርገን ለመያዝ 16 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። በሚቀጥለው ዓመት ቢሄድም የሚከተሉትን እህትዎ ይንገሩት። በሜዲትራንያን በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ በጦር ማደን ክልክል ነው፤ በራስ ትንፋሽ ብቻ ይጠለቃል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስክትወጣ ድረስም አይታደንም። ዋናተኞች ከሚበዙበት ዳርቻ 500 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። አንዱን ሕግ ግን ለብቻው ማንሣት እወዳለሁ፦ ጣሊያን ውስጥ ስፒርገኑ የሚወጠረው ውኃ ውስጥ ከተጠለቀ በኋላ ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ወይም ዳር ላይ ላስቲኩ ተወጥሮ የቆመ መሣሪያ አጠገብ ያለውን ሰው እንደ ጥይት ሊወጋ ይችላል። እናት እንደመሆንዎ ልጅዎ ባይዘውም እንኳ ሌሎቹ ሲይዙት ይህንን እንዲያስተውል ያስጠንቅቁት።

ጥያቄ፦ «ጎርጎራ ላይ ከአባቴ ጋር በጀልባ ሰው አመላልሳለሁ። የአክስቴ ልጅ ከኳታር ስፒርገን ሊልክልኝ ነው። ጎብኚዎችን ጣና ላይ በጦር ዓሣ እያሳደንኩ ብሠራ ሕጉ ምን ይላል?»
ከጎርጎራ

መልስ፦ ሥራ ለመፍጠር ማሰብዎ የሚደገፍ ነው፤ በዚህኛው መንገድ ግን እንዲሄዱ አልመክርዎትም፤ ምክንያቶቼንም በዝርዝር ልንገርዎት።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በአገራችን ለንግድ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ያዛል፤ በፈንጂና በመርዝ ማስገርንም ይከለክላል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። ጎብኚ ከፍሎ የሚያድንበት ሥራ ለንግድ የሚደረግ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ የሚጀመር አይደለም።

ከሕጉ ባሻገር የውኃው ጠባይ አለ። በጦር ማደን የሚቻለው ዓሣው በሩቅ በሚታይበት ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ጣና በክረምት መገጭና ሌሎቹ ወንዞች በሚያመጡት ደለል ይደፈርሳል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ጭቃ ይበጠበጣል። እጁን ዘርግቶ ጣቱን የማያይ ጎብኚ የተወጠረ ጦር ይዞ፣ መረብ በተዘረጋበት፣ ታንኳ በሚያልፍበትና ጉማሬ ባለበት ውኃ ውስጥ መግባቱ ያስፈራል። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ መኖሩም አይረሳ።

ፍሎሪዳ በሐይቅና በወንዝ ስፒርገንን ጨርሶ እንደምትከለክል ከላይ ተነግሯል፤ የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስም እንዲሁ ታደርጋለች። በተዘጋ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ መሸሻው ጠባብ ነው፤ በተለይ ለመራባት ሲሰበሰብ በጣም ይጋለጣል። በጣና ያለው ሁኔታ ከዚህም የባሰ ነው። በሐይቁ ላቤዮባርበስ የሚባለው ዓሣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነርሱ የሚበዙት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች አፍ ተሰብስበው፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚሠራው ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ መረቡ የሚዘረጋው በዚያው የወንዝ አፍ ላይ ስለሆነ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ወደ ላይ ያመለጡትን ደግሞ በአንዳንድ ቦታ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በወንዙ ውስጥ ጨምሮ ትልቁንም ጫጩቱንም የሚያጠፋ ሰው አለ።

ከአንድ ነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚሠራውንና ሞኖፊላመንት የሚባለውን መረብ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እዚያው ጎርጎራ ከዳር ወጥቶ በድንጋይ ላይ የተሰጣ አንድ መረብ አይቻለሁ፤ ክሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ፀሐይ ካልመታው አይታይም፤ ጣት የማታህል ቀረሶ ጉንጯ ውስጥ ገብቶባት ደርቃለች። ይህ መረብ ውኃ ውስጥ ተቆርጦ ቢቀር አይበሰብስምና ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ሲደራ ይህንኑ መረብ የሚዘረጋው ሰው ይበዛል። ሐይቁ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ ሌላ አዲስ መሣሪያ ለመዝናኛ ማስገባት ተገቢ ሆኖ አይታየኝም።

ሐሳብዎን ግን ጨርሰው አይጣሉት። ጎብኚው ዓሣውን ራሱ መያዝ ከፈለገ በመንጠቆ ይያዝ፤ ትንሹ በሕይወት ወደ ውኃው ይመለሳል፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምትም ከወንዝ አፍ ይራቁ። ለዚህም ቢሆን አስቀድመው ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚይዙትን መሣሪያ፣ የሚሠሩበትን ቦታና ወራቱን ዘርዝረው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የአክስትዎ ልጅም ስፒርገኑን ከመላክ ይቆጠቡ፤ ስሙ ጠመንጃ የሆነና ጦር የሚተኩስ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሲከፈት ለማስረዳት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት።