አያት ላሳደገቻችሁ

"ሴት ያሳደገው" ስድብ ነው። እኔን ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ያውም አያት። 31 ዓመት በጥብቅና ሠርቼ አሁን ፋይሌን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ያደግሁት እንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። ያኔ የከተማው ዳር እዚያ ነበር። አራት ዓመቴ ላይ እናቴ "መጣሁ" ብላ ወጣች። አባቴን ጭራሽ አላየሁትም። አያቴን እማዬ ነበር የምላት። ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ለእንጀራ ጋጋሪዎች ትሸጥ ነበር።

ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ስትወስደኝ መዝጋቢው "የአባት ስም?" አላት። ነጠላዋን አስተካከለች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የሞተውን ባሏን ስም ጠራች። በቃ፣ በወረቀት የእናቴ ወንድም ሆንኩ! እማዬ ስትሞት ወራሽነቴን ላረጋግጥ ፍርድ ቤት ስቆም "ልጅ ነህ የልጅ ልጅ?" ተባልኩ። ጠበቃው ሰውዬ ሦስት ምስክር ቆጥሬ ነው የተገላገልኩት።

ስለዚህ ወረቀታችሁን ጊዜ ሳለ አስተካክሉ። ታናናሾች ካሏችሁም ልደታቸው ይመዝገብ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወላጆች ከሌሉ ሞግዚት፣ እሱም ከሌለ ልጁን የያዘው ሰው እንዲያስመዘግብ ይላል። "አባቱን አምጡ" ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ወረቀቱ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ቂም ነው። እኔ መጀመሪያ እናቴን ስጠብቅ፣ ቀጥሎ ስረግማት ኖርኩ። ጥላ የሄደችው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እማዬን እኮ ጥላት የሄደችው የገዛ ልጇ ናት! ይህ የገባኝ 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያኔ እማዬም አልነበረችም።

አያታችሁ በሕይወት ካለች ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጡ። ስልካችሁን አስቀምጡት። ስለ እናታችሁ ሳይሆን ስለ ልጇ ጠይቋት። ትንሽ ልጅ ሳለች ምን ትወድ ነበር በሏት። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ።

እማዬ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሳጥኗን ትከፍትና አንድ የሀገር ልብስ ቀሚስ ታወጣ ነበር። ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ለብሳው አይቼ አላውቅም። ትከሻው ለእሷ ጠባብ ነበር። ስታሰጣው ገመዱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን "የማን ነው?" አላልኳትም።