እንቁላሉ ይመርመር ወይስ እናቲቱ ዶሮ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ እንቁላል ሳይበሉ የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ለገበያ በሚቀርቡ ዶሮዎችና እንቁላሎች ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ እንዳለ ነገሩኝና ጭንቀት ያዘኝ። እውነት ነው? አንዳንድ ጊዜ አስኳሉ ላይ የማየው የደም ነጠብጣብ የዚህ ምልክት ይሆን? የምገዛውን እንቁላል በላቦራቶሪ ባስመረምርስ?
የልጆች እናት

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቴ። ዘመድዎ የነገሩዎት መሠረት አለው። ዶሮን በካንሰር የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ፤ እንዲያውም ቫይረስ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል ቀድሞ የታወቀው በዶሮ ነው። ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ የዶሮን የደም ካንሰር፣ ሕዋሳቱ ተጣርተው በወጡበት ፈሳሽ ወደ ጤነኛ ዶሮ አስተላለፉ። ፔይተን ራውስ በ1911 በዶሮ ዕጢ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው ግን በ1966 ነው።

እርባታዎችን በብዛት የሚያስጨንቁት ማሬክና ሉኮሲስ የተባሉት፣ በቫይረስ የሚመጡ ሁለት የዶሮ ካንሰር በሽታዎች ናቸው። የማሬክ ቫይረስ ከላባ ሥር በሚረግፍ ብናኝ፣ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ በእንቁላል ውስጥ አያልፍም። ለእሱ ክትባት አለ፤ ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ቀን ወይም ገና እንቁላል ውስጥ ሳሉ ይከተባሉ። ለሉኮሲስ ግን በእርባታ የሚሰጥ ክትባት የለም፤ መከላከያው መርምሮ መለየት ነው። የእርስዎም ጥያቄ የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

እኔ በዶሮ በሽታዎች ምርመራ ላይ ስሠራ የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝና፣ የሉኮሲስ ቫይረስ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ላስረዳዎት። የተያዘችው ዶሮ ቫይረሱን የምታፈሰው እንቁላሉ ነጭ ክፍሉን በሚለብስበት ቧንቧ ውስጥ ነው። በዚያ የተያዘ ጽንስ ቫይረሱን የራሱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ተፈልፍሎ ሲያድግ ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም፤ ቫይረሱን ግን ዕድሜውን ሙሉ ይረጫል። ለብዙ በሽታዎች የሚያገለግለው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እንግዲህ ይህችን ዶሮ “ነጻ ነሽ” ብሎ ያሳልፋታል! መንጋውን የምትበክለው እሷው ናት። ስለዚህ የምንፈልገው የቫይረሱን የራሱን ፕሮቲን ነው። ፒ-27 ይባላል፤ ኢላይዛ በተባለው፣ ፕሮቲንን በቀለም ለውጥ በሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ከእንቁላሉ ነጭ ክፍል ወይም ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ከምትጥለው የመጀመሪያ ኩስ ይገኛል። የዘር ዶሮ የሚያረቡ ድርጅቶች በዚህ መንገድ የተያዙ እናቶችን ከትውልድ ትውልድ እየለዩ በማስወገድ ብዙ የዘር መስመሮችን አጽድተዋል።

አሁን ወደ እርስዎ እንቁላል ልምጣ። ዶሮዎች በዘረመላቸው ውስጥ ከጥንት የወረሱት የዚሁ ቫይረስ ዘመድ አለ፤ ምድብ ኢ ይባላል፤ በሽታ የማምጣት አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። ችግሩ እሱም ያንኑ ፒ-27 መሥራቱ ነው። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ እንቁላል “ፖዘቲቭ” ቢባል፣ አደገኛው ይሁን የወረሰችው በዚያ ውጤት ብቻ አይታወቅም። ለመለየት ምድብ ኢ ሊገባባቸው በማይችል የዶሮ ሕዋሳት ላይ ቫይረሱን ማሳደግ፣ ወይም የቫይረሱን ሽፋን የሚሠራውን ዘረመል ፒሲአር በተባለው የዘረመል ምርመራ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አልፈው መልሱን ቢያገኙ እንቁላሉ ተሰብሮ አልቋል፤ ስለሚቀጥለውም የሚነግርዎት ነገር የለም። በዚህ ገንዘብዎን እንዲያወጡ አልመክርም።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከመደብር በተገዙ እንቁላሎች ውስጥ የቫይረሱን የዘረመል ቅሪት አግኝተዋል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ሆኖም ፒሲአር የሚያገኘው ቅሪቱን ነው፤ ቫይረሱ በሕይወት መኖሩን አይናገርም። በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱም አልተረጋገጠም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠው፣ በጫጩት ጽንስ ላይ የተዘጋጀው የቢጫ ወባ ክትባት በዚህ ቫይረስ የተበከለ ነበር፤ በ1972 የታተመው ክትትል በተከተቡት ዘንድ በካንሰር የሚሞቱ ሰዎች መብዛታቸውን አላሳየም። ይህ ቫይረሱ በመርፌ ሲገባ ነው! ይበልጥ የማስበው ለዶሮ ቄራ ሠራተኞች ነው። በእነሱ ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች የካንሰር ሞት ከፍ ብሎ አግኝተዋል፤ ከደም፣ ከአቧራና ከሌሎች ነገሮች ጋር ስለሚውሉ ምክንያቱን ለይቶ ማስቀመጥ አልተቻለም። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሊነፈጋቸው አይገባም፤ ክትትሉም መቀጠል አለበት።

የደም ነጠብጣቡ እንቁላሉ ሲፈጠር ከተበጠሰ ትንሽ የደም ሥር የመጣ ነው፤ ከካንሰር ጋር አይገናኝም። ቫይረሱ ሙቀት አይችልም፤ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግማሹ ከአንድ ደቂቃ በታች ይጠፋል። ነጩም አስኳሉም እስኪጠና ያብስሉ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያም አብሮ ይሞታል፤ ለልጆችዎ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዶሮ ሲበልቱ ጉበቷ ከልክ በላይ ካበጠ ወይም ነጫጭ እብጠት ከታየበት አይብሉት፤ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ከአምራች በቀጥታ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ከየት እንደመጡ፣ ወላጅ መንጋቸው ለሉኮሲስ ተመርምሮ እንደሆነና ለማሬክ ተከትበው እንደሆነ ይጠይቁት።