ጥያቄና መልስ፦ ስለ ዘላዩ ዓሣ

ካርፕ የተባለው ዓሣ ቢጫውን ወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ «የድራጎን በር»ን (በቻይንኛ ሎንግሜን) ከዘለለ ድራጎን ይሆናል የሚለው የቻይና አፈ ታሪክ ብዙ ደብዳቤ አስከትሎብኛል። ጥቂቶቹን ላንሳ።

ሎንግሜን ሄጄ የቡድሃ ሐውልት እንጂ ዓሣ አላየሁም ይላሉ አንድ ነጋዴ።

የሄዱት ሉዎያንግ አጠገብ ወዳለው ሎንግሜን ነው። አብዛኛው ተራኪ የሚያመለክተው ሌላውን ነው፦ ቢጫው ወንዝ በሀንቼንግና በሄጂን ከተሞች መካከል፣ በገደል ተጨምቆ የሚወጣበትን ጠባብ ቦታ። ወንዙ እዚያ ሻንሺና ሻአንሺ የተባሉትን ክፍለ አገሮች ይለያል (ስማቸው እንግዳን ለማሳሳት የወጣ ይመስላል)። ተራራውን ሰንጥቆ ውኃውን ያሳለፈው፣ ጎርፍን የገራው የአፈ ታሪክ ንጉሥ ታላቁ ዩ ነው ይባላል።

ስንት ዓሣ ያልፋል?

አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ በዓመት 72 ብቻ ይላል። ያለፈውን ደመናና ዝናብ ይከተሉታል፤ የሰማይ እሳትም ጅራቱን ያቃጥለዋል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ተሿሚ የሚደግሰው ግብዣ «ጅራት ማቃጠያ» ይባል ነበር።

ድራጎን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው አይደለም እንዴ?

የቻይናው ዝናብ አዝናቢ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ምልክት ነበር። ገበሬ ዝናብ ከሚያመጣለት ጋር ምን ጠብ አለው? የቀረውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ቤቴ በመስታወት ገንዳ የማረባቸው ዓሦች እየዘለሉ ይወጣሉ።

ክዳን ይግዙ።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ ጀምሮ ከመኝታ ቤቱ አይወጣም ይላሉ አንዲት እናት። ወራት ሆነው፤ ምግብም እንደ ነገሩ ነው። እንዲበረታ ተረቱን ቢያነቡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እናቴ፣ ሁለተኛ አያንብቡለት። ይህ ተረት ሲነገር ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ዘለለው ዓሣ ነው። የቻይና ገጣሚዎች ግን የወደቀውንም አልረሱትም፤ ግንባሩ ተመትቶ፣ ምልክቱን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። እነርሱ ይህን የሚሉት የመንግሥት ፈተና ስለ ወደቀ ሰው ነበር። በታንግ ዘመን «ጂንሺ» የተባለውን ማዕረግ በአንድ ዓመት የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪሻር ድረስ ስንቱ ፀጉሩ እስኪሸብት ተፈትኗል! ከወደቁት አንዱ ሊ ሺጀን ነው፤ ሦስት ጊዜ ወድቆ ወደ አባቱ ሙያ፣ ወደ ሕክምና ዞረ። 1,892 መድኃኒቶችን የዘረዘረ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያንኑ ዓሣም ከዝርዝሩ አስገባው። በእነዚያ ዓመታት ያለፉትን ዛሬ ማን በስም ይጠራቸዋል?

በእኛም አገር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት ሲያልፍ የቀሩትን ሰነፎች ናችሁ ማለት ነውር ነው፤ በሩም ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ግን ልጅዎን አያድነውም። ለወራት ከቤት ያልወጣና ምግብ የዘጋው ልጅ የሚያስፈልገው ተረት ሳይሆን ሐኪም ነው። የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚሁ ሳምንት ይውሰዱት፤ «ጎረቤት ምን ይላል» ብለው አያዘግዩት። መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ለደቂቃም ብቻውን አይተዉት።

ጃፓኖች የሚሰቅሉት የዓሣ ባንዲራ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። በፈረንጆች ሜይ 5፣ ሚያዝያ 27 መሆኑ ነው፣ የልጆች ቀን ሲከበር ይሰቀላል። ቀለሙን ለጠየቁት፦ ትልቁ ጥቁር ነው፣ የአባት።