ሐኪም ጋብዝ ለተባልከው ሬፕ

«ለደብረ ማርቆስ መስመር አዲስ ሜዲካል ሬፕ (የካምፓኒ መድኃኒት ለሐኪሞች አስተዋዋቂ) ነኝ። ማናጀሬ ሐኪሞቹን ቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር ወስደህ አዝናናቸው ይለኛል። ሌላውም ካምፓኒ እንደዚያ ያደርጋል። ምን ይሻለኛል?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔ ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለውን መስመር ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። አታድርገው።

1. ወጪው የካምፓኒው እንዳይመስልህ። መጀመሪያ የሚወጣው ካንተ ኪስ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ስፔሻሊስቶችን ጣና ዳር ወስዶ ዓሣውን፣ ውስኪውን፣ አልጋውን ሁሉ ችሎ ተመለሰ። ማናጀሩ በስልክ «ግፋበት» ብሎታል። ሂሳብ ሊያወራርድ ፋይናንስ ሲገባ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ደረሰኞቹን መለሰችለት። «መጠጥ አናወራርድም። ማን ፈቀደልህ?» አለችው። ማናጀሩም አላስታውስም አለ። ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ከፈለ። ያኔ ሚስቱ አራስ ነበረች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

2. «ምሳ ብቻ ነው» የሚሉህን አትስማ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ20 ዶላር በታች የሆነች አንዲት ምሳ የተጋበዙ ሐኪሞች እንኳ የጋባዡን መድኃኒት ካልተጋበዙት አብልጠው እንደሚያዝዙ አሳይቷል። እኛ ጋ ደግሞ በልቶ ውለታ ያልመለሰ ወጪት ሰባሪ ይባላል። ቡና መጋበዝ ወጋችን ነው፣ እሱን አልከለክልህም። የሁለት ቀን ሽርሽር ግን ውለታ ማሸከም ነው።

ውለታውን የሚከፍለው ደግሞ በሽተኛው ነው። ከሞጣ በኩል እናቱን ይዞ የመጣ ገበሬ በብራንድ ስም የተጻፈ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት አይቻለሁ። ያው መድኃኒት በሌላ ስም፣ በርካሽ፣ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ተቀምጧል! የነገረው ሰው የለም። እኔ ማዘዣውን አይቼ ገበሬውን ወደ ሆስፒታሉ መልሼ ወሰድኩትና ፋርማሲስቱ ሐኪሙን አናግሮ ሰጠው። የታዘዘለት የተፎካካሪ ካምፓኒ መድኃኒት ነበር፣ በምትኩ የተሰጠውም የኔ አልነበረም። ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የምገባው ሌላ ነገር ይዤ ነው። የትኛው መድኃኒት የት መጋዘን አለ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ከምን ጋር አይወሰድም። የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበትን ቢጫ ቅጽም አብሬ እይዛለሁ። «ንፉጉ ሬፕ» ይሉኝ ነበር። የሽያጭ ታርጌቴን ዘግይቼም ቢሆን መትቻለሁ፤ የፋርማሲ ኃላፊዎቹ መድኃኒት ሲያልቅባቸው መጀመሪያ የሚደውሉት ለኔ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውን የመድኃኒት ማስተዋወቅ ሥነ ምግባር አንብብ። ሬፕ ለሐኪም መደለያ አያቅርብ፣ ሐኪምም አይጠይቅ ይላል። የሬፑ ዋና ገቢ ከሽያጩ መጠን ጋር በቀጥታ መያያዝ የለበትም የሚልም አለበት። ይህን ለማናጀርህ አሳየው። አሁንም ውሰዳቸው ካለህ ትእዛዙን ከነበጀቱ በኢሜይል ይላክልህ። የኔው ስጠይቀው አልላከም፣ ደግሞም አላነሳብኝም።