ስሙ የጎደፈ ደንበኛ ክፍያ ሲያስቀር

ጥያቄ፦ ጠበቃ ነኝ። በማጭበርበር ወንጀል ተከሶ በሕዝብ ዘንድ የተጠላ ሰው በመወከሌ ወዳጆቼ ሳይቀሩ ወቅሰውኛል። ደንበኛዬ ግን የተስማማንበትን ገንዘብ ለወራት አልከፈለኝም፤ ቀጠሮውም ተቃርቧል። ጉዳዩን ትቼ መውጣት እችላለሁን?

መልስ፦ አስቀድሜ፣ በመወከልዎ ሊያፍሩ እንደማይገባ ልንገርዎ። በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች፣ ጠበቃ ሥራውን በማከናወኑ ምክንያት ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ዓላማ ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይቆጠር በ18ኛው መርሆ ይደነግጋሉ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በብዙ አገሮች የሙያ ሥነ ምግባር ደንቦች መሠረት አለመከፈል ውክልናን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ደንበኛውን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ሌላ ጠበቃ የሚፈልግበት ጊዜ መስጠትና ጉዳዩ በችሎት ላይ ካለ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጠሮው በተቃረበ መጠን፣ በተለይም በወንጀል ጉዳይ፣ ፈቃዱን የማግኘት ዕድልዎ ይጠባል፤ ስለዚህ ለደንበኛዎ ዛሬውኑ ይጻፉለት። ፍርድ ቤቱ ከከለከለዎት ደግሞ ሙሉ ክፍያ እንደተቀበሉ ሁሉ በትጋት መከራከር ይጠበቅብዎታል፤ ይህ ከባድ መሆኑን አልክድም፣ ነገር ግን የተከሳሹ ነጻነት በእጅዎ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልዎ የደንበኛዎን ምስጢር ነው። ለችሎቱ በሚያቀርቡት ማመልከቻም ሆነ ኋላ ዕዳውን ለማስከፈል በሚመሠርቱት ክስ፣ ለማስረዳት ከሚያስፈልገው አንዲት ቃል አይለፉ። «ካልከፈልከኝ የማውቀውን አወጣለሁ» ማለትማ የጥብቅና ፈቃድዎን ሊያሳጣዎት የሚችል ጥፋት ነው።

ለወደፊቱ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ፤ ገንዘቡንም ሠርተው እስኪያገኙት ድረስ ከራስዎ ሂሳብ ለይተው ያኑሩት።